የድንብሬ ባለቤት ነኝ ብዬ እስከ አውሮራ

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ለማትሄዱት ነው። የምትሄዱትማ በዓይናችሁ አይታችሁ እኔን ውሸታም ትሉኛላችሁ። ደብረ ማርቆስ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ጉዞውን ለጎረቤት በተረክሁ ቁጥር እየረዘመ ስለሄደ፣ ባሕሩን ከፍዬ በእግሬ ተሻገርኩ ማለት ሳልጀምር በወረቀት ልሰረው ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። አስተማሪ ነኝ። በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ፣ በእረፍት ሰዓት፣ በድምፅ ማጉያ የልጆች ታሪክ ሳወራ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። የታሪኮቹ ጀግና ድንብሬ ይባላል። ነገር ሁሉ የሚያስደነግጠው፣ ሲሸሽ ሲሸሽ ሳያስበው የሚያሸንፍ ልጅ ነው፤ ከዶሮ ሸሽቶ ጅብ ጀርባ ላይ ይወጣል፣ ጅቡ ደንግጦ አገር ጥሎ ይጠፋል። ታሪኮቹን በአንዲት ቀጭን መጽሐፍ አሳትሜአለሁ። መላው ዓለም አንብቧታል፤ ዓለም ስል ከአውቶቡስ ተራው እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለውን ነው።

የታላቅ ወንድሜ ልጅ ማህሌት ኮሎራዶ ውስጥ፣ አውሮራ የሚባል ከተማ ተወልዳ ያደገች የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ሁለት ዓመት ቪዲዮ ጌም ስትሠራ ቆይታ ለጌሙ ጀግና ድንብሬ የሚለውን ስም ሰጠችው። ጌሙን የሚያወጣላት ድርጅት ተገኘ፣ ደስታ ሆነ። ወዲያው ግን የድርጅቱ ጠበቃ «ይህ ስም ከየት መጣ?» ብላ ጠየቀች። ልጅቱም መዋሸት አታውቅም፤ «ከአጎቴ መጽሐፍ» አለች። እንግዲያው የአጎትሽን ፈቃድ በጽሑፍ አምጪ፣ ቀነ ቀጠሮው አርብ ነው፣ ካላመጣሽ ውሉ ይቀራል ተባለች።

ፈቃዱ በኢሜይል መጥቶ፣ በስልክ ላይ በጣት ተፈርሞ፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚመለስ ነገር ነበር። እኔ ግን የደራሲ ፊርማ በአየር አይላክም ብዬ ድርቅ አልኩ። ወንድሜን ልጠይቅ ብዬ ያወጣሁት ቪዛ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ የጎደለው ሰበብ ብቻ ነበር።

እሑድ፣ የመድረሻዬ ቀን

የዴንቨር አውሮፕላን ጣቢያ ጣሪያው ነጭ ድንኳን ነው። አንድ ሁለት አይምሰላችሁ፤ የጎጃም ሠርግ በሙሉ በአንድ ቀን የዋለ ይመስላል። እንግዳ የሚያስገባ ሚዜ በዓይኔ ፈለግኩ፤ የገጠመኝ «ጣትህን በመስታወት ላይ አስቀምጥ» የሚል ፖሊስ ነው።

ቸርች ቀርተው ሦስቱም ሊቀበሉኝ መጥተዋል። ወንድሜ ጋሼ ታደለ መንገደኛ በሚያመላልስ መኪና ላይ ሾፌር ስለሆነ ጣቢያውን እንደ ጓሮው ያውቀዋል። ማህሌት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። የወንድሜ ሚስት እትዬ ዘነበች ሦስት ጊዜ ሳመችኝና «እንኳን ደህና መጣህ መምህር» አለችኝ። መምህር! በዕድሜዋ እንዲህ ብላ ጠርታኝ አታውቅም። ድካሜ ነው ብዬ ተውኩት።

መኪና ውስጥ ማህሌት የውሃ ጠርሙስ አስጨበጠችኝ። «አጎቴ፣ ውሃ ጠጣ። ዴንቨር ሃይ ነው፣ እንግዳ ሰው ራሱን ያመዋል።»

«የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ከደብረ ማርቆስ ወርጄ ነው የመጣሁት» አልኳት። በከፍታው የሚኩራሩበት ከተማ ከእኛ ጋር ሲተያይ ቆላ ነው። እንዲህ ስኩራራ ወንበሩ ከሥሬ መጋል ጀመረ። ወባ ይዞኝ ገባሁ ብዬ ግንባሬን ዳሰስኩ፤ ላቤ መጣ። ጋሼ ታደለ አየኝና «ምነው?» አለ። ትኩሳት ነው አልኩት። ለካ የመኪናው ወንበር በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ኖሯል! እኛ አገር መቀመጫን የሚያሞቀው ረጅም ስብሰባ ብቻ ነው።

ማታ ላይ ስለ እራቱ ሳልናገር አላልፍም። እነሱ ጴንጤዎች ናቸው፣ ጾም የላቸውም፤ እኔ ደግሞ ሑዳዴ ላይ ነበርኩ። እትዬ ዘነበች በፍሪጃቸው አንዱን መደርደሪያ ሙሉ ለብቻዬ ለይታ፣ ስሜን ጠርታ «የምናለ ጾም፣ እንዳይነካ» ብላ በፕላስተር ላይ ጽፋበታለች። ሽሮው ቀይና አልጫ፣ ምስሩ፣ ሱፍ ፍትፍቱ ሁሉ በየዕቃው። ብስኩት ሲቀርብልኝ እንኳ መነጽሯን አድርጋ የካርቶኑን ጽሑፍ አነበበችና «ወተት አለበት» ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ። ቤቴ ውስጥ እንኳ እንዲህ አድርጎ የጾመልኝ የለም።

ሰኞ

ትናንት በሸሚዝ የዋልኩበት አገር ጠዋት በበረዶ ተሸፍኖ ጠበቀኝ። ማንም አልደነገጠም። እኛ ዘንድ እንዲህ ቢጥል ምሕላ ይያዛል፤ እዚህ ጋሼ ታደለ በአካፋ ዝቆ ወደ ሥራው ሄደ። ቀትር ላይ ፀሐይ ወጥታ ሁሉንም ጠጣችው።

ማህሌት ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና አስረዳችኝ። አነጋገሯን እንዳለ ላስቀምጠው፦

«ሊስን አጎቴ። ስም ብቻውን ኮፒራይት የለውም። ድንብሬ የሚል ስም ማንም ሰው ዩዝ ማድረግ ይችላል። ባት የኔ ድንብሬ ልክ እንዳንተው ከዶሮ ይሸሻል፣ ጅብ ላይ ይወጣል። ያ ካራክተር ነው፤ ካራክተር ደግሞ ባለቤት አለው። ድርጅቱ በኋላ ሰው መጥቶ የኔ ነው እንዲል አይፈልግም። ሶ፣ እዚህ ጋ ሳይን አድርግ፣ ዳን!»

ብዕሬን አወጣሁ። ለዚህ ቀን ብዬ የገዛሁት ብዕር ነው። ሦስተኛው ተራ ላይ እንዲህ ይላል፦ ገጸ ባሕርዩን እኔው ራሴ ፈጥሬዋለሁ፣ ከሌላ ሰው አልወሰድኩትም።

ብዕሬን መልሼ ከደንኩት። «ደራሲ ሲፈርም ጥቂት ያስባል» አልኳት።

አሁን እናንተን ልንገራችሁ፤ እሷን ያን ቀን አልነገርኳትም። በእኛ አገር ድሮ ሙሽራ የባሏን ወንድሞችና እህቶች በስማቸው አትጠራም፣ ነውር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው ራሷ ስም ታወጣለች። እትዬ ዘነበች ቤታችን ሙሽራ ሆና ስትመጣ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ላያት ብዬ በመጋረጃው ሥር ሾልኬ ገባሁ፤ እሷ አስነጠሰች፤ ደንግጬ ስፈረጥጥ ከጠላ ጋን ጋር ተያይዘን ወደቅን። ለአንደኛው ወንድሜ ሸጋው፣ ለእህቴ አደይ የሚል ስም አወጣች። ወደኔ ዞራ «ይሄስ ድንብሬ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ባቄላ ስትፈለፍል አጠገቧ እያስቀመጠች፣ ድንብሬ ከዶሮ ሲሸሽ፣ ድንብሬ ከጥላው ሲሸሽ እያለች ስታጫውተኝ አደግሁ።

እንግዲህ የፈጠርኩት ይህ ነው። እኔ የጨመርኩት መቅድሙን ብቻ ነው። በመቅድሙ ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ደግሞ ስሙ፦ ጮቄ ተራራ ጫፍ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ሳሰላስል ነጎድጓድ አጓራ፤ በነጎድጓዱ ውስጥ «ድንብሬ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጮቄን ያየሁት በአውቶቡስ መስኮት ነው።

ማክሰኞ

ከወረቀቱ ለመራቅ አገር ልይ አልኩ። ጋሼ ታደለ ዕረፍቱን ሠዋልኝ። ከሰሜን ቶርንተን ጀምረን ወደ ደቡብ ወርደን ሴንቴኒያልን አቋርጠን ሊትልተን ደረስን። አንዱ ከተማ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ወፍ አያውቀውም። ቤቶቹ አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው። ሰክሮ የሚገባ ሰው የጎረቤቱን ሚስት «እራት የት አለ?» ሳይል አይቀርም። ተራሮቹ ግን በምዕራብ በኩል ተሰልፈው የትም ብትሄዱ ይከተሏችኋል፤ ለነሱ ክብር አልነፍግም።

ሊትልተን የወረድነው የቀድሞ ተማሪዬ ሰሎሞን ምሳ ስለጠራን ነው። በሰባተኛ ክፍል ኳስ ሲጫወት መስኮቴን የሰበረ ልጅ፣ ዛሬ የቢሮ ሠራተኛና የሁለት ልጆች አባት ነው። ጾመኛ መሆኔን ሰምቶ የአትክልት ዓይነት ደርድሮልኝ፣ በደስታ ብዛት ወጡን ከቴሌቪዥኑ ሪሞት ጋር አንድ ላይ አቀበለኝ። እጁን እንኳ ሳይታጠብ ልጆቹን ጠርቶ «ይሄ ድንብሬን የፈጠረው መምህሬ ነው! መምህር፣ በሞቴ የጮቄውን ነጎድጓድ ይንገሩልኝ» አለ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ሕፃናት ዓይናቸውን አፍጥጠው ሲያዩኝ እኔ ራሴን መያዝ አልችልም። ነገርኳቸው። ነጎድጓዱ ላይ መብረቅ ጨመርኩ፤ መብረቁ ላይ ነብር።

ትንሽዋ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለች። ሰሎሞን እየሳቀ ተረጎመልኝ። «ነጎድጓድ አማርኛ ይችላል ወይ ነው የምትለው።»

ጋሼ ታደለ አጎንብሶ ድንቹን ሲቆርጥ ቆየ። መኪና ውስጥ ስንገባ «ነብሩ አዲስ ነው» አለኝ።

ረቡዕ

ማህሌት ጌሙን አጫወተችኝ። ደብረ ማርቆስን አንድም ቀን አላየችም፤ ገበያው ግን ቁጭ ብሏል፤ የበርበሬው ሰልፍ፣ የአህዮቹ ጠብ፣ ቁልቁለቱ። ድንብሬ ሹራቡ ከጉልበቱ የደረሰ ከሲታ ልጅ ነው። ዶሮዋ ከኋላው ስትመጣ ቁልፉን እየተጫንኩ ማስሸሽ ነው ሥራዬ። አርባ አንድ ጊዜ ገደል ከተትኩት። ማህሌት «አጎቴ፣ ካራክተሩን የፈጠርከው አንተ፣ ትንሽ እዘንለት እንጂ!» እያለች ተንከተከተች።

መጨረሻ ላይ የሠሩት ሰዎች ስም ዝርዝር አለ። «የድንብሬ ፈጣሪ፦ አጎቴ መምህር ምናለ» ይላል፣ ከሁሉ በላይ፣ በወርቃማ ቀለም። ስልኳ ጮኸ። ጠበቃዋ ናት። ማህሌት አዳምጣ ወደኔ ዞረች፤ ፊቷ በርቷል። «መቅድምህን አስተርጉመው አነበቡት። ነጎድጓዱን ወዳዋለች! ማስረጃ ስለሆነ ከወረቀቱ ጋር ይያያዝ፣ አንተም እውነት ነው ብለህ ፈርምበት ብላለች።»

እትዬ ዘነበች የታጠበ ልብስ በቅርጫት ይዛ ስታልፍ በሩ ላይ ቆመች። «ጥሩ ነጎድጓድ ነው» ብላ አለፈች።

ተከትያት ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባሁ። ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ገና መመለሷ ነው፤ የደንብ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። ከቅርጫቱ አንሶላ መዛ አንዱን ጫፍ ሰጠችኝ። ሁለታችን እየሳብን ማጠፍ ጀመርን።

«እትዬ፣ መቼ ነው የሰማሽው?»

«በድምፅ ማጉያ እኮ ነው የተናገርከው፣ መምህር። ያኔ ገና አገር ቤት ነበርን፣ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ ነበር። እኔና ግማሽ ከተማው ሰማን።»

«ታዲያ ምነው ሳትናገሪኝ?»

«ምን ልበል? ስሜን ሰረቀኝ ብዬ ቀበሌ ልሂድ?» አንሶላውን በኃይል ሳበችው፤ ወደፊት ተንገዳገድኩ። «ስሙን ስለወሰድክ አልተናደድኩም። ወስደህ ለልጆች ሰጠህ፣ እሰየው። የተናደድኩት ነጎድጓድ ስላደረግከኝ ነው።»

የአንሶላውን ጫፍ መልሼ ያዝኩ።

«በዚያ ቤት የኔ የምለው ምን ነበረኝ?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ማድጋው የእናትህ፣ ወፍጮው የእናትህ። የራሴን ስም እንኳ እሳቸው ለውጠውብኝ ነበር። ለእናንተ ስም ማውጣት ብቻ ነው የኔ የነበረው። እሱንም ተራራ ላይ አወጣኸው።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ፈርም። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኗ እስኪቀላ የሠራችው ነው። በኔና ባንተ ድንብርብር የልጄ ጌም አይቀርም።» አንሶላዋን ደረቴ ላይ አድርጋልኝ ወጣች።

ሐሙስ

ቁርስ ላይ ተናገርኩ። ስለ ጋኑ፣ ስለ ባቄላው፣ ስለ አውቶቡሱ መስኮት አንድም ሳልጨምር ተናገርኩ። ያለማጋነን መናገር እንዴት አጭር ነው! ዳቦዬ ሳይሻግት አለቀ ልል ነበር፤ ይቅር።

ማህሌት ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አጎቴ! ይሄ ሊጋል ዶኪውመንት ነው! ፈርመህ ቢሆንስ? ... ማሚ፣ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሁልጊዜ የአጎትሽ ታሪክ ነው እያልሽ አይደል ያሳደግሽኝ?»

«መጽሐፉ ላይ ያለው የሱ ስም ነዋ።»

ልጅቱ ተነሥታ በመስኮቱ ቆመች። የፈራችው ገባኝ። መቅድሙ ጠበቃዋ እጅ ነው፤ ነገ ሄዳ «እሱ ውሸት ነው፣ አዲሱን እመኑ» ብትል ማን ያምናታል? ሁለቴ የተለወጠ ቃል ይዞ ማን ውል ይዋዋላል? ከሩቅ አገር የመጣ አጎቷ በነጎድጓድ ሁለት ዓመቷን ሊያቃጥልባት ነው። እትዬ ዘነበች «ይፈርምና ይለፍ» ብላ ደገመች። ማህሌት ሳትዞር «ኖ፣ ማሚ» አለች። «ያንቺን ነገር ይዤ በሱ ስም አላወጣውም። ባይወጣም አይውጣ።»

ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም፤ እውነቴን ነው። እትዬ ዘነበች ግን ከመደርደሪያዬ ሽሮውን አሙቃ አመጣችና «ጥፋተኛም ይበላል» ብላ አጠገቤ ቆማ አስጨረሰችኝ።

አርብ

አራታችን ዴንቨር መሐል ከተማ ሄድን። ጋሼ ታደለ፣ ሃያ ዓመት የነዳ ሰው፣ ፓርክ የሚያደርግበት አጥቶ የጠበቃዋን ቢሮ ሕንፃ እንደ ታቦት ሦስት ጊዜ ዞረው።

ጠበቃዋ ረጅም ቀይ ሴት ናት፣ ከሱፍ ልብስ በታች የስፖርት ጫማ ያደረገች። ውሃ ሰጠችንና ልስማ አለች። ቆሜ ተናገርኩ። ከልቤ፣ በክብር፣ ሩብ ሰዓት ያህል፤ የጥፋቴን ምንጭ፣ የሰው ልጅን ድካም፣ የመቅድምን ጠባይ ሁሉ ዘርዝሬ። ማህሌት አዳምጣ ስጨርስ «ሂ ላይድ» ብላ ተረጎመችው። ዋሸ ማለት ነው። እትዬ ዘነበች ሳቋን በነጠላዋ ያዘች።

ጠበቃዋ ግን አልሳቀችም። መቅድሙን አንሥታ አየችው፣ እኛን አየች። ከዚያ እትዬ ዘነበችን ትጠይቅ ጀመር፤ ስሙን መቼ አወጣሽው፣ ለማን ተረክሽለት፣ ታሪኮቹ የትኞቹ ናቸው? እትዬ ዘነበች አንድ በአንድ መለሰች፤ መጽሐፌ ውስጥ ያልገቡትን ሁሉ። ድንብሬ ከራሱ ሳል ሲሸሽ ያለውን ስትነግራት ማህሌት መተርጎሙን ረስታ «ይሄንን አልነገርሽኝም!» አለች። ክፍሉ ውስጥ ማን እንደፈጠረው የሚጠራጠር አልቀረም።

ጠበቃዋ መጻፏን አቆመች። «ይቅርታ» አለች በማህሌት በኩል፣ «ስሙ ለልጅ የወጣ ስም ከሆነ፣ ድንብሬ እውነተኛ ሰው ነው ማለት ነው?»

«ነው» አለች እትዬ ዘነበች።

«በሕይወት አለ?»

እትዬ ዘነበች ጣቷን ወደኔ ቀሰረች። «ያውና። ሩብ ሰዓት ያደከመሽ።»

ያኔ ጠበቃዋ ሳቀች። የመጀመሪያውን ወረቀት ቀደደችው። ሦስት አዲስ ወረቀት ከማተሚያው አወጣች። አንዱ የፈጣሪዋ ፈቃድ ነው፤ እትዬ ዘነበች ስሟን እስከ ቅድመ አያቷ ድረስ ስለጻፈች መስመሩ አልበቃ ብሎ ወደ ኅዳጉ ወጣች፣ ማንም አልከለከላትም። ሁለተኛው ለኔ ነው፤ ታሪኮቹን በጽሑፍ ያሰፈርኩ ሰው ነኝ፣ ተስማምቻለሁ ይላል፤ ሁለት መስመር። ሦስተኛውም ለኔ ነው፣ ረጅሙ እሱ ነው። በሕይወት ያለ ሰው በጨዋታ ውስጥ ሲሣል የሚሰጠው ፈቃድ ነው። በዶሮ መባረሬን፣ ገደል መግባቴን፣ ፈሪ ተብዬ መታየቴን በእያንዳንዱ ፊት ምልክት እያደረግኩ ተቀበልኩ። «ሰውየው የሚጠራበት ስም» የሚል ቦታ ላይ ስደርስ ቀና አልኩ። እትዬ ዘነበች «ጻፈው እንጂ፣ ምን ያስደነብርሃል?» አለችኝ።

ጻፍኩት። ደራሲ ሆኜ የሄድኩት ሰውዬ ገጸ ባሕርይ ሆኜ ወጣሁ። ጠበቃዋ ውሉ እንደሚጸና ለማህሌት ነገረቻት፤ ልጅቱ በአሳንሰሩ ውስጥ እናቷን አቅፋ እስከ ምድር ቤት ወረደች፣ እኔንም በአንድ እጇ ጎተተችኝ።

ቅዳሜና ከዚያ ወዲህ

ሻንጣዬን እትዬ ዘነበች ሸከፈችው፤ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ወገቤን ያህል ከበደ። ስንሰነባበት ይቅርታ ጠየቅኳት። «ይቅርታው በኋላ» አለች፤ «መጀመሪያ ደንቡን ስማ። ከእንግዲህ አዲስ ታሪክ ስትጽፍ ሳላየው አይወጣም። በወረቀት ያለ ነገር ነው።» ወረቀቱ ላይ እንዲህ የሚል ተራ አላየሁም፤ እንግሊዝኛዋ ከኔ ስለሚሻል ግን አልተከራከርኩም።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ታሪክ ጽፌ በስልክ ላክሁላት። ድንብሬ አድጎ፣ አንድ ቀን ከአንበሳ ፊት ለፊት ተገትሮ በጀግንነት ሲቆም የሚያሳይ ነው። በጣም የተዋጣለት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት መልሷ በድምፅ መጣ፤ ከኋላዋ የመጦሪያው ሽማግሌዎች ይሰማሉ።

«አነበብኩት። ቆመ ያልከው ውሸት ነው። ድንብሬ ቆሞ አያውቅም። አስሩጠው።»

እያስሮጥኩት ነው።